ጠጉራችን ስለተበጠረ ከሰልፍ ተባረርን

በስልሳ ስድስቱ ረሀብ ከሮቢት በታች ካለው መንደራችን ተነሥተን ቆቦ የገባነው እናቴ፣ ታላቅ እህቴና እኔ ነበርን። አባቴ የተረፉትን ከብቶች ይዞ ወደ አፋር ቆላ እንደወረደ አልተመለሰም። ከተማው ዳር የምትኖር አንዲት መበለት ጓሮዋ ያለውን ዳስ ለቀቀችልን።

ተስቦ ገብቶ ስለነበር እናቴ ቅማሉን ፈርታ የሁለታችንንም ጠጉር በመቀስ አሳጠረችው። እኔ አለቀስኩ።

"አጭርም ያምራል፣ ዝም በይ" አለችኝ እህቴ።

በማግስቱ እህቴ ከደረቀው ወንዝ አሸዋ ቆፍራ ባመጣችው ውሃና መበለቲቱ በሰጠቻት የሳሙና ቁራጭ አጠበችኝ። ማለዳው ይቀዘቅዝ ስለነበር ፍም አጠገብ አስቀመጠችኝ። በአንድ እጇ በሰሌን ማራገቢያ ሙቀቱን ወደ ራሴ እያራገበች፣ የሌላውን እጇን ጣቶች በጠጉሬ ውስጥ እየሰደደች አደረቀችው። ከዚያ በሚዶ ወደ ኋላ ሳበችው፤ ግንባሬ ላይ ያለውን ወደ ጎን አስተኛችው። የራሷንም እንዲሁ አድርጋ፣ መስታወት ስላልነበረን "እንዴት ነኝ?" አለችኝ።

"ሙሽራ መስለሻል።"

ከቤት ከወጣን ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ስንዴ ወደሚታደልበት ድንኳን ሄደን ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ አዳዩ ሰውዬ አተኩሮ አየንና "እናንተ ወዲያ ውጡ" አለ።

"ምነው ጌታዬ? ምን አጠፋን?" አለች እናቴ።

"ጠጉር ሲያሰማምር የሚውል ሰው አልተራበም። ይህ የመጣው ለተራበ ነው።"

"የታጠብነው በውሃ ነው። ውሃ ይበላል እንዴ?" አለችው እህቴ።

በያዘው ዱላ ትከሻዋን ገፍቶ ከሰልፉ አስወጣት። ከኋላችን ያሉት ሰዎች የለቀቅነውን ቦታ ሞሉት። እነሱን አልወቅስም፤ ተራቸው እንዳያልፋቸው ነው። የሚያንገበግበኝ ሰውዬው ነው። የራሱ ጠጉር በቅባት ተለስኖ ያብለጨልጭ ነበር! እሱ ሲያበጥር ጨዋ፣ እኛ ስናበጥር አጭበርባሪ!

በነጋታው እናቴ ከምድጃው አመድ ዘግና በራሴ ላይ ነሰነሰችው። እህቴ ግን ሸሸች።

"እማ፣ እኔን ተይኝ። እንዲህ ሆኜ ከምለምን ረሀቡ ይግደለኝ።"

"አንቺ ሞተሽ እኔ ለማን ልኑር? በአላህ ይዤሻለሁ፣ ጎንበስ በይ።"

እህቴ ጎንበስ አለች። እናቴ እያለቀሰች የጠጉሯን ጫፍ በጣቷ አንጨባረረችው።

ያው ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አየን፤ አላወቀንም። "እነዚህ ናቸው የተቸገሩት" ብሎ ስንዴውን አሰፈረልን። ቆልተን በላነው። ተረፍንም። ዝናብ ሲጥል ወደ መንደራችን ተመለስን፤ እህቴም ኋላ ጎብዬ ከተማ አግብታ ልጆች ወለደች።

ዛሬም ስለዚያ ዘመን ሲወራ "ደጎቹ እህል አበሉን" የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ደሜ ይፈላል። ሰውዬው መራባችንን ለማመን መዋረዳችንን ማየት ነበረበት? ንጹሕ ሆኖ መራብ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?