አምፖሉ በርቶ ነበር

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልተናገርኩም፤ ለወንድሜም አልተናገርኩም። ንስሐ አባቴ ዘንድ በየጊዜው እየሄድኩ ስካሬን፣ ቁጣዬን፣ ሰው ማማቴን ስዘረዝር ኖሬ፣ ይህችን አንዷን ግን እየዘለልኩ ተመልሻለሁ። «አባ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃሉ፤ ብነግራቸውስ መቼ ይገባቸዋል» እያልኩ ራሴን አታልያለሁ። ውሸት ነው። ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግም። አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አጠገብ ቆሜ፣ አምፖሉ ከራሳችን በላይ ቦግ ብሎ እየበራ፣ «መብራት ሄደ» አልኳቸው። ይኸው ነው። ይህ የማይገባው ቄስ የለም።

እናንተ የምታነቡት ግን ከመጀመሪያው ስሙኝ። ሰበታ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የኪራይ ቤት፣ የብሬል መጻሕፍት የምታትም ትንሽ ድርጅት አለች። ሦስት ክፍል፣ አንድ ዘበኛ፣ አንድ ትልቅ ማተሚያ። ማተሚያው ቀለም አያውቅም፤ ወፍራም ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ እየወጋ በጣት የሚነበብ ጽሑፍ ያወጣል። ከግድግዳው ወዲያ በመብራት የሚሠራ ወፍጮ ቤት አለ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል፤ እኔ ከልማድ ብዛት መስማት ትቼዋለሁ። ኃላፊዋ ወይዘሮ ጽጌ ነበሩ። ማሽኑን የሚያሠሩት ደግሞ እኚያ ዓይነ ስውር ሽማግሌ፣ ኦቦ ለሜሳ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብሬል ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ቤት መቀመጥ ያልሆነላቸው ሰው። ከሳቸው እጅ ያልተማረ ብሬል አንባቢ በአካባቢው ማግኘት ይከብዳል። «የለሜሳ ጣት ያለፈው መጽሐፍ ስሕተት የለውም» ይባል ነበር። ያላቸው ሀብት ይህ ስም ነበር፤ የወሰድኩባቸውም እሱኑ ነው።

እኔ ከሱሉልታ ታክሲ እየቀያየርኩ፣ ማሽኑ በታመመ ቁጥር የምጠራ ባለሙያ ነበርኩ። ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ከአዲሱ ኮምፒውተር ጋር አልግባባ ሲል፣ የሚያግባባቸውን ፕሮግራም፣ ድራይቨር የምንለውን፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የኮምፒውተሩን ትእዛዝ ለማሽኑ፣ የማሽኑን መልስ ለኮምፒውተሩ ያደርሳል፤ አስተርጓሚ በሉት። በዚያ ፕሮግራም ውስጥ አንዲት ነገር ጨመርኩ። ማሽኑ ሲሰናከል ኦቦ ለሜሳ ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው ከያዙ፣ ድራይቨሩ በማሽኑ ትውስታ ያለውን ሁሉ፣ ምን እንደታዘዘ፣ ምን እንደተመለሰ፣ የቱ ጋ እንደተደናቀፈ፣ በብሬል ወግቶ ያወጣዋል። «ዝርግፍ» አልናት። ለሽማግሌው አዝኜ እንዳይመስላችሁ። ከሱሉልታ ሰበታ መመላለሱ ሰልችቶኝ፣ በስልክ እንዲያነቡልኝ ብዬ ነው።

ዝርግፍ አንድ ነገር ብቻ አትወድም፤ መብራት መቋረጥ። ማሽኑ አንዴ ከጠፋ ትውስታው ባዶ ነው። በእኛ አገር ደግሞ የቆመ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ አጥፍቶ ማብራት ነው፤ ቴሌቪዥኑም፣ ስልኩም፣ ማሽኑም። ኦቦ ለሜሳ ይህን ልማድ ከቤቱ አስወጡት። ዘበኛውን ሳይቀር «መጀመሪያ ዝርግፍ፣ ከዚያ ማጥፋት» አስብለው አስጠኑት።

ትንሽ ቆይተው ከእኔ ይልቅ እሳቸው ዝርግፉን ማወቅ ጀመሩ። እኔ ብሬል አላነብም። የጻፍኩት ፕሮግራም የሚናገረውን እኔ ማንበብ ሳልችል፣ እሳቸው ጣታቸውን ሁለቴ አሳልፈው ይጨርሱታል። አንድ ቀን ገጾች እየተደገሙ ወጡና ተጠራሁ። ማሽኑን ፈትቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ወይዘሮ ጽጌ ፊት ቆሜ «ማሽኑ አርጅቷል» ብዬ ፈረድኩ። ኦቦ ለሜሳ የዝርግፏን ወረቀት ይዘው ከጥግ ሳቁ።

«ማሽኑስ ንጹሕ ነው ልጄ። አንዴ ተቀብያለሁ ብሏል፤ ያንተ ፕሮግራም ነው ሳይሰማ ደግሞ የላከበት።»

ወይዘሮ ጽጌም ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ተማሪውን የሚያርም አስተማሪ ሳቅ ነበር። እኔን ግን አንጨረጨረኝ። የማያይ ሰው የእኔን ጉድ አየ ብዬ ተቃጠልኩ። በምን አገባቸው? ቁልፏን የሰጠኋቸው እኔ አይደለሁም? ሥራዬን ይመርምሩበት ብዬ ነው የሰጠኋቸው? ስሕተቱን አረምኩ። በሳምንቱ ተመልሼ «ለደህንነት ሲባል» ብዬ ዝርግፍን ከቁልፉ ላይ አነሳኋት፤ ከዚያ ወዲያ በእኔ የይለፍ ቃል ካልሆነ አትወጣም። ለኦቦ ለሜሳ አልነገርኳቸውም። ሁለቱን ቁልፎች ተጭነው፣ አንገታቸውን ወደ ማሽኑ አዘንብለው ሲጠብቁ ቆሜ አየኋቸው። ምንም አልወጣም። ደግመው ተጫኑ። ጣታቸው የሳተ መስሏቸው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ደስ አለኝ። ይህንም ጻፉልኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከጠገብኩ በኋላ ነው «ተነሥታለች፣ አሁን የምትወጣው በእኔ ብቻ ነው» ያልኳቸው።

«ለእኔ የምታነብልኝ አንተ ነህ እንግዲህ» አሉ። አልተቆጡም።

ከዚያ በኋላ ማንም የማያየኝ ሆንኩ። ወይዘሮ ጽጌ «ኅትመቱ ፈጠን ቢል» ሲሉ ሰምቼ፣ ድራይቨሩ ማሽኑን የሚጠብቅበትን ጊዜ ቆረጥኩት። ማሽኑ የተላከለትን የሚያቆይበት ሆዱ ሲሞላ «ቆይ» ይላል፤ «ቀጥል» እስኪል ድራይቨሩ መጠበቅ ነበረበት። የእኔ ግን መጠበቁን ትቶ ዝም ብሎ ይልክበታል። ፍጥነቱን አይተው አመሰገኑኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ።

የፈተና መለማመጃ መጽሐፍ የታተመው በዚያ ሰሞን ነው። ኦቦ ለሜሳ ናሙናውን ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው አነበቡ፤ ሙሉ ነበር። ብዙ ቅጂ በተከታታይ ሲታተም ግን የማሽኑ ሆድ ሞላና የገጾቹ የመጨረሻ መስመር እየጠፋ ወጣ። መጽሐፉን የወሰደ አንድ መምህር ተመልሶ መጣ፤ ተማሪዎቹ አራተኛ ምርጫ የሌለው ጥያቄ እየሠሩ ሲጨቃጨቁ ከርመዋል። ይህን ሊያደርግ የሚችለው ሁለት ነገር ነው። ወይ ወረቀቱን የሚያስገባው ሰው ዝቅ አድርጎ አስገብቶታል፤ ወይ ፕሮግራሙ መስመሩን ውጦታል። ወይ ኦቦ ለሜሳ፣ ወይ እኔ።

ኦቦ ለሜሳ ምን እንዳደረጉ ስሙ። ጠዋት ገብተው ያንኑ ምዕራፍ ደጋግመው አሳተሙ። መስመሩ እንደገና ጠፋ። ያኔ «ማንም ማሽኑን እንዳያጠፋ» ብለው አዘዙና አጠገቡ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ ከሱሉልታ እስክደርስ እጃቸውን ማሽኑ ላይ አሳርፈው፣ የውስጡን ንዝረት እየሰሙ ጠበቁ። ማስረጃቸው ውስጥ ነበረ። ከእኔ በቀር የሚያወጣላቸው አልነበረም።

ደረስኩ። ክረምት ነው፤ ክፍሉ ጨለም ስላለ አምፖሉ በርቷል። ወይዘሮ ጽጌ ለጉዳይ ወጥተዋል፤ ዘበኛው በር ላይ ነው። ሁለታችን ብቻ ነን።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ፤ እንዴት አደርክ። ዝርግፉን አውጣልንና እሱ ይዳኘን» አሉኝ።

የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። ወረቀት ላይ ሳላወጣው መጀመሪያ በስክሪኑ አየሁት። ማሽኑ «ቆይ» ብሏል፤ የእኔ ፕሮግራም አልቆየም። «ቆይ» ብሏል፤ አልቆየም። ገጹን ሙሉ እንዲሁ ነው። እዚያ ላይ ክፉ ለመሆን ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም። ወደ ማሽኑ ጀርባ ዘርግቼ ማጥፊያውን ጫንኩት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ። ከእጃቸው ሥር ንዝረቱ ሲሞት አየሁ።

«ምን ሆነ?»

«መብራት ሄደ» አልኳቸው።

አምፖሉ ፊታቸው ላይ እየበራ ነበር። ሽበታቸውን፣ የኮታቸውን ክር ሳይቀር አየሁበት። መብራት ሄደ አልኳቸው። ሰበታ ውስጥ «መብራት ሄደ» ያለን ሰው ማን ይጠራጠራል? ለሠርግም፣ ለሬሳም፣ ለፈተናም ይሄዳል። ምክንያት ያጣ ሁሉ የሚሸሸግበትን ተሸሸግሁበት።

ኦቦ ለሜሳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ እጃቸውን ከማሽኑ ላይ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። «ሄደ ካልክ ሄዷል» አሉ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቄ «መጣ» ብዬ አበራሁት፤ እንደ ደግ ሰው።

ወይዘሮ ጽጌ ሲመለሱ ነገርኳቸው፤ መብራት ሄዶ መዝገቡ እንደጠፋ፣ እኔ እንደማየው ግን ወረቀቱ ዝቅ ብሎ ሳይገባ እንዳልቀረ። «እኔ እንደማየው» አልኩ፣ በዚህ ቃል። ወይዘሮዋ ወደ ኦቦ ለሜሳ ዞረው «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብለው ጠየቁ።

«ዝርግፉ ከሌለ ምን እላለሁ» አሉ።

በዚያች ደቂቃ ላይ ስንት ዓመት አሰብኩ! ለምን ዝም አሉ? አዘኑልኝ? ናቁኝ? አይመስለኝም። አስተማሪ ናቸው፣ ሒሳቡን ሠርተውታል። «አምፖሉ በርቶ ነበር» ቢሉ ማን ያምናቸዋል? ዓይን ያለው እኔ ነኝ። እኔም ይህን አውቅ ነበር። አውቄ ነው የተጠቀምኩበት።

ወይዘሮ ጽጌ ክፉ ሴት አይደሉም። በለሰለሰ አንደበት፣ «ኦቦ ለሜሳ፣ ብዙ ደክመዋል፣ አሁን እንኳ ይረፉ» ብለው አሰናበቷቸው። በትራቸውን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ክንዳቸውን ይዤ እስከ አስፋልቱ የሸኘኋቸውም እኔ ነኝ። ባጃጅ እስኪመጣ ቆመን ሳለ ፊታቸውን ወደ መጣንበት መለሱ።

«ወፍጮው ዛሬ ጠዋት አንዴም አላረፈም፤ አይደል?»

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ያጓራል። ማሽኑን ሳጠፋም ሲያጓራ ነበር፤ መብራት ሄደ ስላቸው ሲያጓራ ነበር፤ ግድግዳ ብቻ ነው በመካከላችን የነበረው። የማያዩት ሽማግሌ እየሰሙት፣ የማየው እኔ ሳልሰማው። ያን ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ይቻል ነበር፤ ወይዘሮ ጽጌ ገና ጠረጴዛቸው ላይ ናቸው፤ እርምጃው ሃምሳም አይሞላም። እኔ ግን «አላስተዋልኩም» አልኳቸው።

«ናጋቲ፣ ልጄ» ብለውኝ ባጃጁ ውስጥ ገቡ። ደኅና ሁን ማለታቸው ነው።

ይህ ያበቃ ይመስላችኋል? የባሰውን ላስከትል። በማግስቱ ማልጄ ሄድኩና የቆረጥኩትን የመጠበቂያ ጊዜ መለስኩት። ሻይ እስኪቀዘቅዝ አልፈጀም። ከዚያች ቀን ወዲህ ከዚያ ማሽን አንድ መስመር አልጠፋም። ይህም በኦቦ ለሜሳ ላይ ምስክር ሆነ። «አያችሁ፣ እሳቸው ሲሄዱ ተስተካከለ» ተባለ። «የለሜሳ ጣት ደክሟል» ተባለ፤ ብሬል ለሚያነብ ሰው ከዚህ የከፋ ምን ይባላል? ያስተማሯቸው ልጆች ሳይቀሩ አዝነው ተቀባበሉት። እኔም ሲወራ እዚያው ቆሜ፣ ራሴን ነቅንቄ፣ «ዕድሜ ነው» ብያለሁ። ዕድሜ ነው አልኩ!

ቡራዩ የሚኖር አንድ ተማሪያቸው፣ አሁን ራሱ መምህር የሆነ፣ በቅርቡ አገኘኝ። ኦቦ ለሜሳ ደኅና ናቸው አለኝ፤ ሰበታ እዚያው ቤታቸው ናቸው። መጽሐፍ ሲወስድላቸው ግን እንደ ድሮው ብቻቸውን አያነቡም፤ አንድ ገጽ ዳስሰው «አንተም እስቲ እየው፣ እኔ የዘለልኩት እንዳለ» ይላሉ አለኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ፣ እውነቱን ስለሚያውቁ ቢያንስ በራሳቸው አልተጠራጠሩም እያልኩ እጽናና ነበር። ስለ መብራቱ መዋሸቴን ያውቃሉ። የሸሸግሁት የማንን ጥፋት እንደሆነ ግን ምን አሳያቸው? ዝርግፉን እኮ አላነበቡትም። ማንበብ የሚችሉት እሳቸው፣ ያነበብኩት እኔ።

ይቅርታ አልለምንም፤ እናንተ የበደልኳችሁ ሰዎች አይደላችሁም። ይህን የምጽፈው ሰበታ፣ ያው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው። ማሽኑ ከጎኔ በርቷል፣ ወፍራሙ ወረቀት ገብቷል፣ ወፍጮው ያጓራል። ይህን ሁሉ ለማሽኑ ብሰጠው ነጥብ በነጥብ ወግቶ ያወጣው ነበር፤ የኦቦ ለሜሳ ቤት ደግሞ በእግር የሚደረስበት ነው። እኔ ግን በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት። ሁላችሁም እንድታነቡት፣ እሳቸው ብቻ እንዳያነቡት።