ከኢንተርኔት የነጠልኩት ሰዓት

ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሠራተኛ እኔ ብቻ ነበርኩ። በአንድ ትልቅ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር ብቻ የተፈጠሩ ስድስት ቨርቹዋል ሰርቨሮች አሉ፤ ሁሉም ሰዓታቸውን የሚወስዱት ከትልቁ ነው፣ ትልቁ ደግሞ ከኢንተርኔት። ከስድስቱ አንዱ ሠራተኛው በአሻራ ሲፈርም ሰዓቱን ይመዘግባል። አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ የአሻራ ፊርማውን ዝርዝር ይዘው መጡና፣ «ሰው ሁለት ተኩል ገብቶ ይኼ ስምንት ተኩል ይላል። የፈረንጅ ሰዓት ግራ አጋባን፣ በእኛ አድርገው» አሉኝ። የትልቁን ሰርቨር ሰዓት በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት። ኢንተርኔቱ አስተካከለው። ደግሜ መለስኩት፤ ደግሞ አስተካከለው። በመጨረሻ ተናደድኩና ከኢንተርኔቱ ሰዓት መቀበሉን አጥፍቼ፣ የእጅ ሰዓቴን እያየሁ ሞላሁት። እሳቸው ደስ አላቸው፣ እኔም ረሳሁት።

ብቻውን የተተወው ሰዓት ግን በየቀኑ ጥቂት ሰከንድ እየቀደመ፣ በወራት ውስጥ ሃያ ደቂቃ ፈጠነ። በሰርቪስ የሚመጣው ሠራተኛ ቀድሞ ስለሚደርስ አልነካውም። ማታ ቀደም ብሎ ሹልክ የሚለውም ስለማይያዝ ማንም ትንፍሽ አላለም።

አርፍደዋል ተብለው የተያዙት የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ብቻ ናቸው። አልጋ ላይ የዋሉ ባለቤታቸውን ትተው፣ ከእሪ በከንቱ በእግራቸው መጥተው፣ ልክ በሰዓቱ ይደርሱ ነበር። የአሻራ መቀበያዋ ሰዓት አታሳይም፤ ጢጥ ብላ ዝም ነው። ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርበው «አርፍጄ አላውቅም» አሉ። እኔ ተጠራሁ። «ማሽኑ አይሳሳትም» አልኩ፣ ሄጄ እንኳ ሳላየው። ይኼ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንድ ቀን ቢደግሙ እንደሚሰናበቱ የሚገልጽ ደብዳቤ ተሰጣቸው።

ከዚያ ወዲያ አላረፈዱም። እኔም ማስጠንቀቂያው ሠራ ብዬ ነበር።

ባለቤታቸው ሞተው ለቅሶ ደርሰን ከተመለስን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ለሌላ ሥራ ሰርቨሩን ስከፍት ሰዓቱን ከስልኬ ጋር አስተያየሁት። ከሃያ ደቂቃ በላይ ቀድሟል። ለሥራ አስኪያጁ ብነግራቸው «ያለቀ ነገር አትቀስቅስ» አሉኝ። መዝገብ ቤት ወረድኩ።

«እትዬ፣ አላረፈዱም ነበር። ሰዓቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ቢሰድቡኝ በወደድኩ። የያዙትን ፋይል አስቀመጡ።

«ከደብዳቤው በኋላ እኮ ልጄ፣ እንዳላረፍድ ብዬ የባለቤቴን ቁርስ ማጉረሱን ለጎረቤት ትቼ ቀድሜ ነበር የምወጣው» አሉኝ። «እሱ ደግሞ ከእኔ እጅ ካልሆነ አይጎርስም ነበር።»