ሁለቱ የማይገናኙበት ድልድል

የወንድሜ አንድ ተራ ቀን ምን እንደሚያስከፍለው ልንገራችሁ። የማወራው ስለ ገንዘብ አይደለም፤ ስለ ጉልበት፣ ስለ ድምፅና ስለ ትዕግሥት ነው። ወንድሜ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሰው ሁሉ “ታድለህ፣ በሊፍት ወጥተህ በሊፍት ትወርዳለህ” ይለዋል። የሚሠራ ሊፍት ያለበት ሕንፃ ግን እሱን ለምን ብሎ ይጠራዋል? የሚጠሩት ሲቆም ነው። ስለዚህ የመሣሪያ ሳጥኑን በትከሻው አንጠልጥሎ ደረጃውን በእግሩ ይወጣል፤ ሞተሩ ደግሞ ሁልጊዜ ያለው ጣሪያው ሥር ነው። ጉልበቱ ከምሳ በፊት ያልቃል። ቀጥሎ ድምፁ ይሄዳል፤ ውስጥ ለቀሩ ሰዎች “አይዟችሁ፣ አየር አለ፣ በሩን አትግፉት” እያለ ሲጮህ ይውላል። ትዕግሥቱ የሚያልቀው ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ነው። አመሰግናለሁ ከማለታቸው በፊት “እስካሁን የት ነበርክ?” ይሉታል።

ሥራ ሲጨርስ ከእኛ ቤት ጎራ ይላል። ልጄን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ያለነው እኔና ልጄ ነን፤ ቅዳሜ ደግሞ ክለቡ አለ።

ክለቡ የሰፈሩ አዳራሽ ፎቅ ላይ ያለች ቀለምና ማስቲሽ የሚሸት ክፍል ናት። ረጃጅም ጠረጴዛዎች አሉ። በጠረጴዛዎቹ ላይ ከነጭ ፎም የተቀረጹ ኮረብታዎች፣ ከካርቶን የተሠሩ ቤቶች፣ አውራ ጣት የሚያህሉ የፕላስቲክ ወታደሮች ይደረደራሉ። ሁለት ሰው ጦሩን አሰልፎ ይገጥማል። ወታደር ስንት ጣት እንደሚራመድ በሜትር ይለካል፣ ማን እንደወደቀ ለማወቅ ዳይስ ይወረወራል፣ መጨረሻ ላይ ኮረብታውን የያዘ ያሸንፋል። መጀመሪያ ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

“ወንድምጋሼ፣ ልጄ እንኳ አድጋ ይህን ትተወዋለች” አልኩት።

“አንቺ ሳቂ። አንድ ቀን መጥተሽ እዪ።”

ሄጄ አየሁ። ባንክ በር ላይ ቀኑን ሙሉ እንደ ግንድ የሚቆም፣ ሰላምታ እንኳ በአገጩ የሚመልስ ጥበቃ፣ ዳይሱ ስድስት ሲወጣለት ወንበር ላይ ወጥቶ ሲጮህ አየሁት። ጡረታ የወጡ አንዲት አስተማሪ፣ ሁሉም “ጄኔራል” የሚሏቸው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው “ና እንግዲህ፣ ፈረሰኞችህን አምጣልኝ፣ ቁርሴ ናቸው” ይላሉ። ከዚያ ወዲያ አልሳቅኩም። ወንድሜ ደግሞ እዚያ ሌላ ሰው ነው። “ዳኛው” ነው ስሙ። ሁለት ሰው በአንድ ጣት ርቀት ሲከራከር እሱ ይጠራል፣ ሜትሩን ይዘረጋል፣ የሚለው ቃል የመጨረሻ ነው። በሥራው ቦታ ማንም “አመሰግናለሁ” የማይለው ሰው እዚያ ሲናገር ጸጥ ይባላል።

የክለቡን ሊግ ያቋቋመው እሱ ነው። ምክንያትም ነበረው። የአዳራሹ ኃላፊ “ሰዎቻችሁ እየሳሱ ነው። ካልበዛችሁ ቅዳሜን ለዳንስ መምህሯ እሰጣታለሁ” ብሎት ነበር። ሊግ ካለ ሰው በየሳምንቱ ይመጣል፤ ሰው ከመጣ ክፍሏ ትተርፋለች። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ቀላል። ቀላል ያልሆኑት ሹፌሩና ፋርማሲስቱ ናቸው።

የአውቶቡስ ሹፌሩ ኮረብታ ሠሪ ነው። ያሉት ኮረብታዎች ሁሉ የእሱ እጅ ሥራ ናቸው። ፋርማሲስቱ ቀለም ቀቢ ነው፤ በአንዲት ቀጭን ብሩሽ ለወታደሮቹ ቅንድብ ሳይቀር ያወጣላቸዋል። አንድ ጊዜ የልብ ጓደኛሞች ነበሩ፤ አንዱ ተራራውን ሲሠራ ሌላው የሚወጣበትን ሰው ይቀባ ነበር። አንድ ቅዳሜ እየተጫወቱ ሳለ ወንበር የተሸከመ ሰው ጠረጴዛውን ገፋውና ወታደሮቹ ተንሸራተቱ። ሁለቱም ትዝ እንዳላቸው መልሰው አስቀመጡ። ፋርማሲስቱ “ያን ወታደር ወደፊት አድርገኸዋል” አለ። ሹፌሩ “የነበረበት ቦታ ነው የመለስኩት” አለ። “አጭበርባሪ!” አለው ፋርማሲስቱ፤ የሹፌሩ ሴት ልጅ አባቷ አጠገብ ቆማ ነበር። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳትና ጭድ ሆኑ። በአንድ ክፍል ይጫወታሉ፣ በአንድ በር ይወጣሉ፣ አይነጋገሩም። ግማሹ ክለብ የሹፌሩ ወዳጅ ነው፣ ግማሹ የፋርማሲስቱ። አንዱ ተቀይሞ ቢወጣ ግማሹን ይዞ ይወጣል።

በዚያ ላይ የክለቡ ደንብ አለ። የተሸነፈ ሰው የአሸናፊውን ወታደሮች በእጁ እያነሳ በሳጥናቸው ያስተኛለታል። ለሌሎች ይህ ፌዝ ነው። “ቀስ በል፣ ያኛው ቁስለኛ ነው” እየተባባሉ ይሳሳቁበታል። ሹፌሩ ግን ለወንድሜ ቁርጡን ነግሮታል፦

“የእሱን ወታደር በእጄ ነክቼ ሳጥን ላስገባ? እጄ ይቆረጥ!”

ወንድሜ ምን አደረገ መሰላችሁ? በሊጉ ሕግ ያሸነፈ ካሸነፈ ጋር ነው የሚደለደለው። ድልድሉን የሚያወጣው እኔ ጋ ነበር፣ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ፣ በጠርሙስ ቆርኪ። እያንዳንዱ ቆርኪ አንድ ተጫዋች ነው። የሹፌሩና የፋርማሲስቱ ቆርኪዎች ጎን ለጎን በመጡ ቁጥር አንዱን በጣቱ ገፋ ያደርገዋል።

“ሹፌሩ በዚህ ሳምንት ፈረቃ ሊኖርበት ይችላል” ይላል።

“አለበት ወይስ ሊኖርበት ይችላል?”

“ልጅሽን አጥቢ አንቺ።”

በሌላው ሳምንት ፋርማሲስቱን ከጄኔራሏ ጋር አገናኘው። “እሳቸው ይጥሉታል፤ ሲያዩት ነው የሚጨርሱት” አለ። አልጣሉትም፤ ዳይሱ ለፋርማሲስቱ አደላ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ከእሳቸው ጋር አገናኘው። አሁንም ፋርማሲስቱ አሸነፈ።

“ወንድምጋሼ፣ እነዚህን ሁለት ሰዎች እስከ መቼ ነው የምትደብቃቸው?” አልኩት።

“አንዳቸው እስኪሸነፍ። አንዱ አንዴ ከወደቀ ድልድሉ ራሱ ያራርቃቸዋል። እኔም እጄን አወጣለሁ።”

“ሁለቱም ባይሸነፉስ?”

“አታሟርቺ!”

ሟርት አይደለም። ሁለት ጎበዞች እርስ በርስ ካልተገናኙ ማን ይጥላቸዋል? እሱ ግን አልገባውም፤ ወይም እንዲገባው አልፈለገም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው፣ ዙሮቹ ሲያልቁ ጠረጴዛዬ ላይ ያልተሸነፉ ሁለት ቆርኪዎች ብቻ ቀሩ። የፍጻሜው ጨዋታ ሹፌሩና ፋርማሲስቱ ሆኑ። ወንድሜ ቆርኪዎቹን ትክ ብሎ አየ። ልጄ አንዱን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ እንኳ አልከለከላትም።

በማግስቱ በምሳ ሰዓቱ መድኃኒት ቤት ሄደ። ፋርማሲስቱ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ፣ “ምን ልስጥህ? ለራስ ምታት ነው?” አለው።

“ራስ ምታቴስ አንተ ነህ። ቅዳሜ ስትጫወቱ በሰላም ይሁን ልልህ ነው።”

“እኔ ሰላም ነኝ። እሱ ወታደሩን ወደ ቦታው ይመልስ።”

“የቱን ወታደር? የቱ ቦታ? ያ ጨዋታ ከፈረሰ ስንት ጊዜው!”

“እኔ ቦታውን አልረሳሁትም። ቀጣይ!” ከወንድሜ ኋላ ማዘዣ ይዛ የቆመች ሴት ነበረች።

ከዚያ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄደ። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አዳመጠው። “በልጄ ፊት የሰደበኝን በልጄ ፊት ይመልስ። ሌላ ቃል አልፈልግም” አለና ሞተሩን አስነሳ። ወንድሜ ወደ ሥራው ሲመለስ ዘግይቶ ነበርና፣ ሊፍት ውስጥ የቀሩት ሰዎች የሚሉትን ብለውታል።

“ለክለቡ እውነቱን ንገራቸው” ብዬው ነበር። “ከአሁኑ ንገር፣ ከሌላ አፍ ከሚሰሙት።” እሱ ግን “ቅዳሜ ይለፍ” አለኝ። እኔም ቅዳሜ ያልፋል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ተስፋ ማድረግ ልማዴ ነው፤ ልጅ የያዘ ሰው ያለ እሱ እንዴት ይኖራል?

ቅዳሜ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ክፍሏ እንደዚያ ሞልታ አይቻት አላውቅም። የአዳራሹ ኃላፊ ሳይቀር መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ሹፌሩ ልጁን አስከትሎ መጣ፤ ፋርማሲስቱ ወታደሮቹን በጥጥ ጠቅልሎ መጣ። ሁለቱም የየራሳቸውን ሜትር ይዘዋል። የዳኛውን ሜትር አላመኑም ማለት ነው። ቢሆንም ጀመሩ። ዳይስ ሲንኳኳ ብቻ ይሰማል። አንዱ ይለካል፣ ሌላው ደግሞ ይለካል። ወንድሜ መሐላቸው ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። የሹፌሩ ጦር ኮረብታውን መውጣት ጀመረ፣ የፋርማሲስቱ ቀስተኞች ከቤቱ ኋላ ወጡ። ‘ጎሽ፣ ሊያልቅ ነው’ አልኩ በልቤ።

ጄኔራሏ ግን ሲያስቡ ቆይተው ነበር።

“ዳኛው፣ አንድ ነገር አልገባኝ አለ” አሉ፤ ክፉ አስበው አይደለም። “እኔ ከፋርማሲስቱ ጋር ሁለቴ ገጠምኩ። እነዚህ ሁለቱ ሲያሸንፉ ከርመው አንዴም አልተገናኙም። እንዴት ነው ነገሩ?”

ወንድሜ ዋሽቶ አያውቅም፤ ከመዋሸት ቆርኪ መግፋት ይቀለዋል። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

“እኔ ነኝ” አለ። “እንዳይገናኙ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ክለቡ እንዳይፈርስ ብዬ ነው።”

ፋርማሲስቱ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። “እኔን እንደ ሕፃን ከሰው ትለየኛለህ? ተናካሽ ነኝ?”

“ታዲያ እኔ እመታዋለሁ ብለህ ነው?” አለ ሹፌሩ። “ያውም በልጄ ፊት?”

ከስንት ጊዜ በኋላ ሁለቱ የተስማሙት በዚህ ነው፤ በወንድሜ ላይ። የባንኩ ጥበቃ ሳይቀር፣ “እኔንም ያለ አቅሜ ያጋጠምከኝ ለዚህ ነው? ዳኛ አልነበርክም እንዴ?” አለ። ይህቺኛዋ አንጀቱ ድረስ ገባች፤ አየሁት። ሜትሩን ይዞ ቆመ፣ የሚለካ ነገር የለም።

ፋርማሲስቱ ወታደሮቹን አንድ በአንድ በጥጥ ጠቀለለ። ሹፌሩ ኮረብታዎቹን ከየጠረጴዛው እያነሳ ለልጁ አሸከማት። ማንም ያሸነፈ፣ ማንም የተሸነፈ የለም። ሲወጡ በሩ ላይ ተገጣጠሙ። ሹፌሩ ሁለት እጁን በፎም ስለሞላ ፋርማሲስቱ በሩን ያዘለት። ‘ይኸው!’ አልኩ። ሹፌሩ ግን ሳያየው አለፈ፤ ፋርማሲስቱም በሌላው ደረጃ ወረደ። ሌሎቹም ተከትለው ወጡ፤ እኩሌቶቹ ከዚህኛው፣ እኩሌቶቹ ከዚያኛው ጋር።

ኃላፊው ወንድሜን በአዘኔታ አየው። “ወንድሜ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሃለሁ። ሰው ከሌለ ግን የዳንስ መምህሯ ተራዋን እየጠበቀች ነው።”

ይህ ከሆነ ሦስተኛ ቅዳሜ አለፈ። ወንድሜ ለሁለቱም ደወለ፤ አያነሱም። “ይቅርታ” ብሎ መልእክት ላከ፤ ሁለቱም አንብበውታል፣ አልመለሱም። እኔ የሹፌሩን አውቶቡስ መንገድ ላይ አስቆሜ ልለምነው ነበር፤ ወንድሜ “ሥራው ላይ አታዋርጂው” ብሎ ከለከለኝ። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ሄዶ በሩን ይከፍታል፣ ባዶ ጠረጴዛዎቹን ይወለውላል። ጄኔራሏ ይመጣሉ። “ስላስወጣሁት ቃል እንቅልፍ አጣሁ” ይሉታል፤ እሱ ደግሞ “እርስዎ ምን አደረጉ?” ይላቸዋል። ሁለቱ በካርቶን ቤቶች መሐል ይጫወታሉ፤ የሚያዝ ኮረብታ ስለሌለ ማን እንዳሸነፈ አይታወቅም። ሁለት ሰው ደግሞ ክለብ አይባልም። እኔ “ይመጣሉ፣ አይዞህ” እለዋለሁ። “አዎ” ይለኛል፤ እኔን ለማጽናናት ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ።

ስለ አንተ ልጽፍ ነው ስለው፣ “ምን ሠራሁና?” አለ። ቀጥሎ ግን፣ “ከጻፍሽ አይቀር አንድ ነገር ጠይቂልኝ” አለኝ። ቃሉን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ፦

“ይህን የምታነቡ የሰፈራችን ሰዎች፣ ከሁለቱ አንዱን የምታውቁ ከሆነ አስታርቁን አልልም፣ ስለ እኔም ደግ አትንገሩልኝ። ይህን ብቻ በሉት፦ ‘ቅዳሜ ከሰዓት ክፍሏ ክፍት ናት፤ ከእንግዲህ ድልድሉን ዳኛው አይነካውም፤ በዕጣ ነው፤ የወጣልህን ትገጥማለህ።’ ማንንም የማታውቁ ደግሞ ራሳችሁ ኑ። ወታደር እናውሳችኋለን።”