ያልታጠቡት ስድስት ጠርሙሶች

በመካነ ሰላም ከእኔ በፊት በቤቱ ወይን የጣለ ሰው አልነበረም። ጠጁንና ጠላውንማ ሁሉም ይጥለዋል። ቡሹ ተወትፎ፣ አንገቱ በሰም ታሽጎ፣ ዓመት ተኝቶ የሚወጣውን የዘቢብ ወይን ግን ማንም አላስተማረኝም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ የቀረውን ያስተማሩኝ በእጄ ላይ የፈነዱት ጠርሙሶች ናቸው። ለመንገድ ሥራ ከደሴ የመጣ አንድ መሐንዲስ ቀምሶ “ይሄ የየት ፋብሪካ ነው?” ብሎኛል። ጉራ የሚመስለው ሰው ካለ መጥቶ ይቅመስ።

ሰው የወይን ነገር ዘቢቡ ላይ ያለ ይመስለዋል። ጠርሙሱ ላይ ነው። የቢራ ጠርሙስ ስስ ነው፣ አፉም ቡሽ አይዝም። የአረቄ ጠርሙስ ብርሃን ያስገባል፣ ብርሃን ደግሞ ወይኑን ይገድለዋል። የሚፈለገው ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ ቂጡ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ጠርሙስ ነው። እንዲህ ያለው በእኛ ከተማ እንደ ልብ አይገኝም። ሠርግ ሲኖር ወይም ሆቴል ውስጥ የሩቅ እንግዳ ሲያርፍ አንድ ሁለት ይወጣል፤ እሱንም ቀድሞ የሚያገኘው ወዳጄ ነበር።

ወዳጄ ገበያው ዳር ባዶ ጀሪካን፣ ጣሳና ጠርሙስ የሚገዛባትና የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችው። እስላም ነው፤ በዕድሜው ሙሉ የሚያሰክር ነገር በከንፈሩ አልነካም። ለእኔ ጠርሙስ ሲመርጥ ግን የሚያህለው አልነበረም። የጠርሙሱን ቂጥ ገልብጦ አውራ ጣቱን ያስገባል፤ እስከ ጥፍሩ ሥር ከገባ ለእኔ ያስቀምጠዋል፣ ካልገባ ለዘይትና ለላምባ ለሚፈልጉ ሴቶች ይሸጠዋል። በገበያ መሐል ሳልፍ ካየኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራኛል።

“አንተ ሰካራም! ና፣ ሦስት ሙሽሮች መጥተውልሃል!”

“አፋቸውን አሽትተሃል?” እለዋለሁ።

“አስተግፊሩላህ! አፍንጫዬን ቀድሜ ጀሀነም ልላክልህ? እኔ መስታወቱን ነው የማውቀው፣ የውስጡን አንተው ከጌታህ ጋር ተነጋገር።”

ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖርን።

ታናሿ ልጄ የተዳረችው ከአራት ዓመት በፊት ነው። በእኛ አገር ክርስቲያን ሲደግስ ለእስላም ጎረቤቶቹ ለብቻ ያሰናዳል። በጉን ራሳቸው ያርዳሉ፣ ድስቱም ሠሪውም የራሳቸው ነው። የሚጠጡት ብርዝ ነው፤ ማሩ በውሃ ይበጠበጥና ሳይፈላ በዕለቱ ይቀርባል። በልጆቼ ሠርግ ሁሉ የዚያ ወገን አዛዥ ወዳጄ ነበር።

እኔ ደግሞ እንደ ሰው በጆግ መቅዳት አነሰብኝ። ብርዙን ከሠርጉ ሦስት ቀን አስቀድሜ በጠርሙስ ሞላሁት፣ በቡሽ ወተፍኩት፣ በሰም አሸግኩት። በየጠርሙሱ ላይ በራሴ የእጅ ጽሑፍ “ለክቡራን እንግዶቻችን” የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ሃያ ጠርሙስ ነበር። አሥራ አራቱ ወይን ያልገባባቸው፣ በሙቅ ውሃ የተቀቀሉ ናቸው፤ እንዲህ ባለው ሦስት ቀን ቢቆይም አይፈላም። ስድስቱ ግን ካለፈው ዓመት ወይኔ የተራገፉ ነበሩ።

ወይን የነበረበት ጠርሙስ እንዴት እንደሚታጠብ የማውቀው እኔ ነኝ። ደቃቅ ጠጠር ከሙቅ ውሃ ጋር ታስገባና ክንድህ እስኪዝል ትንጠዋለህ፤ ከዚያ አመድ፣ ከዚያ ግራዋ። ከታች የተጣበቀው ነጭ አምቡላ ካልተፋቀ ማር ባገኘ ጊዜ ተነሥቶ ያፈላዋል። ስድስቱን ግን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቄ ብቻ ሞላኋቸው። የሠርግ ቤት ነው፣ ከዚህም ከዚያም ይጠሩኛል፣ ቸኮልኩ። ባለቤቴ አይታኝ “አጥበኸዋል?” አለችኝ።

“ማንን ነው የምትጠይቂው?” አልኳት።

ወዳጄ ያን ጊዜ ከመካ ከተመለሰ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ሳውዲ የሚሠራው ልጁ ነው ያስኬደው። ነጭ ጥምጥሙን አድርጎ በዳሱ ራስጌ ሲቀመጥ ሰው ሁሉ “ሐጂ” እያለ እጁን ይስመው ነበር። መጀመሪያ የሚቀዳው ለእሱ ነው፤ የከፈትኩትም የቀዳሁትም እኔ ነኝ። ቡሹ ጧ ብሎ ወጣ፣ አረፋው እጄ ላይ ፈሰሰ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ነገሩ ያማረልኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ፀሐይ ነበር፣ ጠምቶታል፤ ብርጭቆውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

ከዚያ ብርጭቆውን ትኩር ብሎ አየው።

ከወዲያ ማዶ የተቀመጠ አንድ ቀልደኛ “ሐጂ! መካ ድረስ የደከሙት ለዚህ ነው እንዴ? ይድገሙታ!” ብሎ ጮኸ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ወዳጄ አፉን በነጠላው ጫፍ ጠረገ፣ ተነሥቶ ወጣ። ብርጭቆውን አነሣሁና አሸተትኩት። ፈልቷል። እንደ እኔ ያለ ሰው ሁለተኛ ማሽተት አያስፈልገውም።

በማግስቱ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ። ግባ ብለው አልገባም።

“አውቀህ እንዳላደረግከው አውቃለሁ” አለኝ። “የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ዓርብ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ በሩ ላይ ቁምና፣ ‘ጠርሙሱን ሳላጥብ ቀርቼ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው’ በል። አላህስ ያየኛል። ሰው ነው የቸገረኝ።”

እሺ ማለቱ ምላሴ ላይ ነበር። ነገር ግን ከጓሮ የሠርግ ዕቃ የሚያጥቡ ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። ጠርሙስ ማጠብ አያውቅም ልባል ነው?

“የእኔ ጠርሙስ ንጹሕ ነው” አልኩት። “ምላስህ አርጅቶ ይሆናል።”

“ሠላሳ ዓመት ጠርሙስ አቀበልኩህ” አለኝ። ዞሮ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ስም ወጣለት፤ “ሐጂ ቡሽ” አሉት። ጎረምሶች በሱቁ ሲያልፉ ጣታቸውን ጉንጫቸው ውስጥ አስገብተው ቡሽ እንደተነቀለ ያስጮሁበት ነበር። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰምቼ መንገዴን አሳብሬ ሄጃለሁ።

ጠርሙሴን ራሴ ፍለጋ ጀመርኩ። አጅባር ወረድኩ፣ አቀስታ ወጣሁ፤ በየሆቴሉ ጓሮ እየተጎነበስኩ የጠርሙስ ቂጥ ውስጥ አውራ ጣቴን አስገባሁ። አስተናጋጆቹ “አባባ፣ ምን ጠፋብዎት?” ይሉኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከአቀስታ በሚኒባስ ስመለስ፣ ጆንያዬን ተሸክሜ መናኸሪያው ላይ ወረድኩ። ብዙ ሰው ከመቃብሩ በኩል ይመጣል። ማን ነው ብዬ ጠየቅኩ። ወዳጄ ነው። ጠዋት ነው ያረፈው፤ እንደ ሥርዓታቸው ሳይውል ሳያድር ቀብረውታል። እኔ በዚያ ሰዓት አቀስታ ጠርሙስ እያሸተትኩ ነበር። ለቀስተኛው በአጠገቤ ሲያልፍ ጆንያው እንዳይንኳኳ በሁለት እጄ አቅፌው ቆምኩ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ልጁ ከሳውዲ ደርሷል። ሰው ሞልቶ ሳለ ተነሥቼ ቆምኩ። “በልጄ ሠርግ ቀን ጠርሙሱን ሳላጥብ የቀረሁት እኔ ነኝ። ብርዙ የፈላው በእኔ ጥፋት ነው። ሐጂ ሳያውቅ ነው የጠጣው” አልኩ።

ልጁ አጠገቡ ወዳለው ሰው ዞረና “አባቴ ምን ጠጣ?” ብሎ ጠየቀ።

አልሰማም ነበር። ሩቅ አገር ለነበረው ልጁ ማንም አልነገረውም፤ አባቱም አልነገረውም።

አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። “አያ” አሉኝ በዝግታ፣ “ይሄ እኮ አብሮት ተቀብሮ ነበር።”

ልወጣ ስል የወዳጄ ባለቤት ተከትላኝ መጣችና ወደ ሱቁ ወሰደችኝ። ከጀሪካኖቹ ኋላ፣ በግድግዳው ጥግ፣ አረንጓዴ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። አፋቸው በንጹሕ ጨርቅ ተወትፏል።

“ሱቁን ልንለቅ ነው፣ ይውሰዷቸው” አለችኝ። “ሁሉንም ራሱ ነው ያጠባቸው። ‘ለሌላ ሰው አትሽጪ፣ እሱ ይመጣል’ ይለኝ ነበር።”

“መቼ ነው እንዲህ ያለው?”

“በየጊዜው።”

ቤቴ አምጥቼ አንድ በአንድ አሸተትኳቸው። ምንም አይሸቱም። በጠጠር ልንጣቸው ስነሣ ባለቤቴ “እነዚህስ ንጹሕ ናቸው” አለችኝ። ናቸው። እኔም ከዚህ የተሻለ አላጥብም።

የዘንድሮውን ወይን ከጾም በፊት ከጋኑ ወደ ጠርሙስ መገልበጥ ነበረብኝ። ቀኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አውቄ አሳለፍኩት። አሁን ጋኑ ውስጥ ኮምጥጧል፣ ሽታው እስከ ደጅ ይወጣል። መንገደኛው ሁሉ ጠርሙስ አጥቶ ነው ይላል። እሱ ያጠባቸው ጠርሙሶች ባዶአቸውን ከአልጋዬ ማዶ እንደተደረደሩ ናቸው።