የራሴ መርዶ

ሕመሜን መጀመሪያ ያስተዋልኩት ኢየሩሳሌም፣ ማሃኔ ይሁዳ ገበያ አጠገብ፣ ከባቡሩ ፌርማታ ፊት ለፊት ባለ የሱቅ መስታወት ላይ ነው። ቀኝ እጁን እያወዛወዘ፣ ግራውን ግን እንደ ተሰቀለ ጋቢ አንጠልጥሎ የሚሄድ ሽማግሌ አየሁ። ምስኪን፣ አልኩ በልቤ። ሽማግሌው እኔ መሆኔ የገባኝ ጥቂት ከተራመድኩ በኋላ ነው።

ግራ እጄ እንደማንም ግራ እጅ አይደለችም። በወጣትነቴ ጎንደር ውስጥ ግራው ፈንታሁን የሚባለውን የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ የማያውቅ አልነበረም። አሠልጣኝ አልነበረኝም። ከአሮጌ መጽሔት የተቀደዱ ጥቂት ፎቶግራፎችን ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ አሸዋ የሞላሁትን ጆንያ እየደበደብኩ ራሴን አስተማርኩ። ባገራችን ክብደቴ ላይ የሚደርስ ሰው ጥቂት ስለነበረ ተጋጣሚ ፍለጋ እስከ አሥመራ ሄጃለሁ። የተሸነፍኩት ሁለቴ ነው፤ አንዱም የዳኛ ሥራ ነው። ኢየሩሳሌም ከገባሁ ወዲህ ጊሎ ሰፈር በሚገኝ አዳራሽ የእኛን የኢትዮጵያ አይሁዶችን ልጆች ሃያ ዓመት አሠልጥኛለሁ። ዕብራይስጥንም ማንም አላስተማረኝም፤ ከጋዜጣ ርዕስ ለቃቅሜ ነው የተማርኩት። ይህን የምጽፈው ለመመካት ብቻ አይደለም። ኩራቴም በሕመሜ ውስጥ ድርሻ አለው።

ቀጥሎ የሸሚዝ አዝራር መቆለፍ ከበደኝ። ጽሕፈቴ እያነሰ ሄደ። የድንብላል ሽታ ጠፋኝ። ከዚያ እጄን ጉልበቴ ላይ ሳሳርፍ አውራ ጣቴ ብቻዋን መንቀጥቀጥ ጀመረች።

ልጄ አስቴር ኩፓት ሆሊም፣ ማለት የጤና ክሊኒካችን ወሰደችኝ። አስቴር በስድስት ዓመቷ እዚህ የመጣች ናት፤ አማርኛዋ የተቆራረጠ፣ ዕብራይስጧ ግን የጠበቃ ነው። የነርቭ ሐኪሟ ጣቶቼን አስከፍታ አስዘጋችኝ፣ ኮሪደሩ ላይ አስኬደችኝ፣ ክንዴን አጥፋ ዘረጋችው። ከዚያ በፍጥነት ተናገረች። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ስንወጣ፣ ምንም እንዳልገባኝ ልጄ እንዳታውቅብኝ ብዬ፣ «አንቺስ እንዴት ሰማሽው?» አልኳት።

«ድካም ነው፣ አባ። ነርቭ ደከመ። ቪታሚን ሰጠች፣ በቀን ሦስት ጊዜ። በሴደር?»

«በሴደር» አልኩ። እሺ ማለቴ ነው።

ቪታሚኑ ሠራ። እጄ ተፍታታ። ከሙላት ጋር ወደ ልምምዴ ተመለስኩ። ሙላት ከወጣትነቴ ጀምሮ የልምምድ ጓደኛዬ ነው፤ ክርስቲያን ነው፣ በሐበሻ ጎዳና ከቤተ ክርስቲያናቸው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። በየሳምንቱ ማክሰኞና ሐሙስ ግቢው ውስጥ ጓንት እናጠልቃለን። አንድ ሐሙስ በግራዬ አገጩን መትቼ ጣልኩት። በሰባ ሦስት ዓመቴ! ይህን በየሠርጉ አወራሁት፤ ባቡር ላይ አጠገቤ ለተቀመጠ ሁሉ አወራሁት። በዚያው ሞቅታ፣ ለማኅበረሰባችን በዓል ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጋር ሦስት ዙር እገጥማለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ከበዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሬ ተንኳኳ። የማኅበረሰባችን ቄስ ናቸው። ሁለት ሽማግሌዎች ተከትለዋቸዋል። ሙላት። ከኋላ አስቴር። ደህና አደርክ ያለኝ የለም።

በእኛ ዘንድ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ዓይነት ፊት የሚመጣ ሰው የሚያመጣው አንድ ነገር ነው። መርዶ።

ጎንደር የቀረው ወንድሜ ታወሰኝ። «ታደሰ!» ብዬ ጮኽኩ። ደረቴን መታሁ። መሬት ወደቅኩ። ታደሰ ደጉ፣ ታደሰ አለኝታዬ እያልኩ አለቀስኩ። አንደኛው ሽማግሌም አብሮኝ ማልቀስ ጀመረ።

ቄሱ ትከሻዬን ያዙኝ። «ፈንታሁን፣ ተነስ። ታደሰ ደህና ነው።»

«ታዲያ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። የመጣነው ስላንተ ነው።»

ሲያለቅስ የነበረው ሽማግሌ ዓይኑን ጠረገና «ይኼን ለእኔስ አስቀድማችሁ አትነግሩኝም ነበር?» አለ። ከመኝታው ቀስቅሰው ያመጡት ኖሯል።

የተናገረችው አስቴር ናት። ፓርኪንሰን። አንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያዘውን ዶፓሚን የሚሠሩት ሴሎች ይሞታሉ። መድኃኒት ያስታግሰዋል፤ አያድነውም። ቪታሚን የተባለው የዚሁ ሕመም መድኃኒት፣ ሌቮዶፓ ነበር። አሥራ አራት ወር ሙሉ ታውቅ ነበር። ሙላትም ያውቅ ነበር። ቄሱም።

«ግጥሚያው ነው ያስፈራን» አለ ሙላት። «ጭንቅላትህን ትመታለህ ብለን ነው።»

«እኔ እመታለሁ? አንተን ጥዬህ የለም እንዴ?»

ሙላት ወለሉን አየ። «ራሴ ነኝ የወደቅኩልህ። ግራህ እኮ እስክትደርስ ቆሜ ነው የምጠብቃት።»

ሕመሙን እችለው ነበር። ይህን አልቻልኩም። ሆን ብሎ የሚወድቅ ቦክሰኛ ሌባ ነው፤ ያን ቀን የሰረቀው ደግሞ የእኔን ስም ነው። ልጄ ስለ ሰውነቴ ዋሸችኝ፤ ጓደኛዬ ስለ እጄ ዋሸኝ። ሁሉንም አስወጣኋቸው። መድኃኒቱን ሽንት ቤት ደፋሁት።

እናንተ ይህን አታድርጉ።

በሁለተኛው ቀን እግሬ ወለሉ ላይ ተጣበቀ። በሦስተኛው ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። አንገቴ ደረቀ። ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ስልኩ በክንድ ርቀት ነበር። ይጮኻል። አልደረስኩበትም። ይጮኻል። ዝም አለ።

አስቴር በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገብታ አገኘችኝ።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ሌቮዶፓ በድንገት አይቆምም» አለችኝ። «ሊሞቱ ይችሉ ነበር።» እኔ ግን ክሴን ይዤ ነው የጠበቅኳት። ለምን ደበቃችሁኝ? ለምን ለልጄ ነገራችሁ?

ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል መለሰችልኝ። «አቶ ፈንታሁን፣ የመጀመሪያው ቀን የሕመሙን ስም የነገርኩት ለእርስዎ ነው። ዓይንዎን እያየሁ። ገብቶዎታል ወይ ስልዎት፣ ራስዎን ነቅንቀው በሴደር አሉኝ።»

እውነቷን ነው። ያለ አስተማሪ የተማርኩት ዕብራይስጥ ለጋዜጣ ርዕስ በቂ ነበር፤ ለፈጣን ሐኪም አልበቃም። አልገባኝም ማለት አፈርኩ። ከከዱኝ ሰዎች ተራ ራሴን ለማስገባት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ሌሎቹን ግን ከተራው አላስወጣኋቸውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም መንገድ ነው፤ አንድ ቀን ወደፊት፣ ሌላ ቀን ወደኋላ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ይህ ሕመም እንቅስቃሴን እያሳነሰ የሚሄድ ስለሆነ ሁሉንም ነገር አግዝፌ እንድሠራ፣ እርምጃዬን እንዳሰፋ፣ ድምፄን እንዳጎላ፣ ክንዴን እስከ መጨረሻው እንድዘረጋ አስተማረችኝ። እኔም «ይህማ ቦክስ ነው» አልኳት፤ እሷም ሳቀችና እውነት እንደሆነ፣ ምት ሳይቀበሉ ቦክስ መለማመድ ለብዙ የፓርኪንሰን ሕመምተኞች እንደሚረዳ ነገረችኝ። ከሁለት ወር በኋላ ሙላት ጓንቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ደጄ መጣና «ታስገባኛለህ ወይስ እዚሁ ላርጅ?» አለኝ። ሳልመታው እንዳይወድቅ በታቦቱ አስማልኩትና አስገባሁት። እስካሁን አንዴም አልወደቀም፤ ያናድደኛል፣ ግን አሁን ክንዴ ምን ያህል እንደምትደርስ በእርግጥ አውቃለሁ።

ዛሬ በዚያው በጊሎ አዳራሽ ይህ ሕመም ያለባቸውን ዘጠኝ ሰዎች አሠለጥናለሁ፤ አንድ የሩስያ መሐንዲስ አለ፣ ከሞሮኮ የመጣች አንዲት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ አለች፣ የእኛም ሰዎች አሉ። በፓርኪንሰን የተያዘ ሰው ጆንያ እንዴት እንደሚመታ ከእኔ የተሻለ የሚያስተምር ኢየሩሳሌም ውስጥ የለም። አለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይሞክረኝ።

ሕመሙ የያዛችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ መድኃኒታችሁን በሰዓቱ ውሰዱ። እኔ ከሥጋ ምግብ ጋር ስወስደው አይሠራልኝም ነበር፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ካልገባችሁ ራሳችሁን አትነቅንቁ። ሐኪሟን ደግማ እንድትናገር አድርጓት፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ከሽማግሌ ኩራት የሐኪም ትዕግሥት ይረዝማል። ቤተሰብ የሆናችሁ ደግሞ ስሙኝ። መርዶ የሚነገረው ለቀባሪ ነው። ሕመምተኛ ቀባሪ አይደለም፤ ገና ብዙ ሥራ የሚጠብቀው ሰው ነው። ደብቃችሁ ያሳረፋችሁት ይመስላችኋል፤ ጓንቱን ግን ከእጁ አውልቃችሁ ነው ሜዳ የምታስገቡት።

ሐኪሟን አመሰግናለሁ። ባለሙያዋን አመሰግናለሁ። ሙላትንም፣ በግድ።

አስቴርን ይቅር ለማለት ነው የዘገየሁት። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሟ ጣቶቼን አስከፍታ አስዘጋችኝ፣ አስኬደችኝ፣ ጻፈች፣ ከዚያ ተናገረች። ግማሹ ገባኝ። ወደ ልጄ ዞርኩ። ቃሉን በአማርኛ ፈለገችው፤ ዓይኗን ግን ከዓይኔ አላነሳችም።

«ብሷል፣ አባ» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ልጄ» አልኳት።