አራት ጣት እጥፍ

በደርግ ዘመን፣ ትምህርት ቤት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሁለት የቀበሌ ታጣቂዎች ይታይሽ የምትባል ሴት ደባርቅ ካለው ቤቷ ወሰዱ። ያስወሰድኋት እኔ ነኝ። ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም። መጀመሪያ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።

ያኔ ጀማሪ ጋዜጠኛ ነበርሁ፤ የምኖረው በይታይሽ ግቢ በተከራየኋት ክፍል ነው። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ "እትዬ" እላታለሁ። ባሏ በጥር ወር ሸፍቶ በሊማሊሞ በኩል ወርዷል። የቀበሌው ሊቀመንበር "ምን ለብሶ ወጣ?" ብሎ ሲጠይቃት ለዜና ብዬ እዚያው ነበርሁ። "ካኪ ኮቱን" አለች። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየሁም ብላም ፈረመች። ሁለቱንም ቃሏን በደብተሬ መዘገብሁ።

መስከረም ሲጠባ ልጇ ማሬ አንደኛ ክፍል ልትገባ ሆነ። የትምህርት ቤቱ ልብስ ካኪ ነው፤ ካኪ ግን ከከተማው ጠፍቷል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይታይሽን ደጃፏ ላይ ቀሚስ በእጇ ስትሰፋ አገኘኋት።

"አንተ፣ ዓይንህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚሠራ? ና እስቲ ክሩን አስገባልኝ።"

አስገባሁላት። የቀሚሱን ጠርዝ አራት ጣት ወደ ውስጥ አጥፋ ነበር የምትሰፋው፤ ልጅቱ በረዘመች ቁጥር እየተፈታ እንዲለቀቅላት።

"ሦስት ዓመት ያስኬዳታል" አለች።

"ጨርቁን ከየት አገኘሽው?"

እጇ ቆመ። "የአባቷ ኮት ነው፤ ፈትቼው ነው። አደራህን፣ ይህን እንዳትጽፍ።"

"አልጽፍም፣ እትዬ።"

ጻፍሁት። ባሏ ጥሏት ጫካ የገባ አንዲት የደባርቅ እናት የባሏን ኮት ፈትታ ልጇን ለአንደኛ ክፍል አበቃች ብዬ ጻፍሁ። ኮቱ ከተመለሰ ሰውየውም አንድ ቀን ቤቱ መጥቶ ነበር ማለት ነው። ይህን አላውቅም ነበር? ደብተሬን መግለጥ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ አውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ጻፍሁት? ያለ ኮቱ ዜናው ተራ ስለሆነብኝ ነው። ስሟን ስላልጠቀስሁ ቃሌን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር ብል ደግሞ ዋሸሁ። ደባርቅ ውስጥ ባሏ ጫካ የገባ፣ ልጇ አንደኛ ክፍል የገባች፣ ስንት ሴት ነበረች?

ጋዜጣው ከጎንደር በአውቶቡስ ደረሰ። ሰኞ በቀበሌው የውይይት ክበብ ቆሜ ያነበብሁት እኔው ነኝ። ተጨበጨበልኝ። ሊቀመንበሩ ግን አላጨበጨበም።

"ጓድ ጋዜጠኛ፣ የይታይሽ ባል ኮቱን ለብሶ አይደል የወጣ? አንተም ያኔ ቃሏን በደብተርህ ጽፈኸዋል።"

ሌላ ኮት ይሆናል ማለት እችል ነበር። አላስታውስም ማለትም እችል ነበር።

"አዎ፣ ጽፌዋለሁ" አልሁ።

በማግስቱ ጠዋት ታጣቂዎቹ ሲመጡ ማሬ ቀሚሷን ለብሳ ደብተሯን በብብቷ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ይታይሽ አልሰደበችኝም። ዞር ብላ አየችኝና "ልጅቷን ትምህርት ቤት አድርስልኝ" አለችኝ።

አላደረስኋትም። ከእሷ ልጅ ጋር ስሄድ ሰው እንዳያየኝ ፈራሁ። ክፍሌ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ማሬ በር ላይ እንደቆመች ቀረች፤ እስከ መቼ እንደቆመች አላውቅም፣ ወጥቼ አላየሁማ።

በዚያው ሳምንት የልጅቱ አክስት ከዳባት መጥታ ወሰደቻት። ይታይሽ ስምንት ወር ታስራ ወጣች። እኔ ቀደም ብዬ ወደ ጎንደር ተዛውሬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን በሙሉ ዜና ጻፍሁ፤ ሐሰት አልጻፍሁም እያልሁም ኮራሁ። የይታይሽም ዜና ሐሰት አልነበረበትም። ዘመኑ ነው፣ ልጅነት ነው እንድትሉልኝ አልፈልግም። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ከተማ፣ አፋቸውን የዘጉ ሰዎች ነበሩ። እኔ ግን አደራ ተብዬ ጻፍሁ፤ ተጠይቄ መሰከርሁ፤ ተለምኜ በር ዘጋሁ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ዳባት አክስትየው ቤት ሄድሁ። ይታይሽ አርፋለች። ማሬ ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ በልጅነቷ ተድራ ጊች የምትባል የተራራ መንደር ትኖራለች። አክስትየው ከሳጥን ውስጥ ቀሚሱን አውጥታ ሰጠችኝ። ጠርዙን ገልብጬ በጣቴ ለካሁት። እጥፉ አራት ጣት ነው፤ ክሩ አልተፈታም።