ዳርላ ሆግላንድ ከሁለት ማይል በላይ የሄደችበት ቀን

ሞንታና ውስጥ፣ በኛ ሸለቆ፣ አክስቴ ዳርላ የምትታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤቱን ልጆች ምሳ በማብላቷ፣ በየመስከረሙም ቀስቷን ይዛ ኤልክ ልታድን ስትወጣ ከመኪናዋ ከሁለት ማይል በላይ ባለመራቋ። ኤልክ ትልቁ አጋዘናችን ነው፤ ወንዱ ፈረስ ያህላል። ባሏ ከሞተ ወዲህ የክረምት ሥጋዋ እሱ ብቻ ነው፤ ገዝታ አታውቅም።

«ጠዋት እግር ውሸታም ነው» ትለኝ ነበር። «ስንት ልሂድ ብለሽ ጀርባሽን ጠይቂው። የሚሸከመው እሱ ነው።»

ጥፋቱ የኔ ነው። ለልደቷ እርምጃ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ሰጠኋት። ታናሽ ወንድሟ፣ አባቴ ራንዲ፣ የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር አይቶ ሳቀባት።

«አራት ሺህ? እህቴ፣ ይሄማ ፖስታ ሳጥን ደርሶ መመለስ ነው። እኛ እኮ በቀን አሥር ማይል ነው የምንጓዘው።»

«አምና ስንት ገደልክ?»

«እሱን ተይው።»

«ተውኩት።»

ነገሩ እዚያው ያበቃ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ብቻዋን ወጥታ ሳትመለስ ዋለች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ የኤልክ የኋላ እግር ተሸክማ፣ ሸሚዟ በላብና በደም ርሶ መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ አክስቴ አሮጊት መሰለችኝ።

«አራት ማይል ተኩል ገባሁ» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። «ኤልኩን የጣልኩት ከአንድ ገደል ሥር ነው። ሦስት ሸክም ቀርቷል።»

ለአንድ ሸክም ደርሶ መልስ ዘጠኝ ማይል ማለት ነው። መስከረም ቢሆንም ቀኑ የበጋን ያህል ይሞቅ ነበር።

ጎህ ሲቀድ አብረን ወረድን። ሥጋውን ጥላ ውስጥ ሰቅላው ነበር፤ ጥላው ግን ትናንት ከቀትር በኋላ ዞሮ ኖሯል። ከመድረሳችን በፊት ሸተተኝ። አክስቴ እጇን አጥንቱ አጠገብ አስገብታ አወጣችና አሸተተችው። ሦስቱንም እንደዚያው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እንባ እጠብቅ ነበር፤ አላለቀሰችም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

ቤት ስንመለስ አባቴ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ድብ በላው በያ። ማን ያያል?»

በኛ አገር የገደሉትን ሥጋ ማበላሸት ወንጀል ነው፤ የአደን ፈቃድ ያስነጥቃል። አክስቴ እጇን ታጠበች፣ ንጹሕ ልብስ ለበሰች፣ የተረፈውን እግር በአንሶላ ጠቅልላ መኪናው ላይ ጫነችና «ንጂ» አለችኝ። ሥጋውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ልታስገባ ነው ብዬ ነበር። የአደን ተቆጣጣሪው ቤት ደጃፍ ስንደርስ «እዚህ አቁሚ» ስትለኝ ክው አልኩ።

ተቆጣጣሪው ቶቢን ምሳውን እያኘከ ወጣ። በልጅነቱ ያበላችው ልጅ ነው። ነገረችው። ማኘኩን አቆመ።

«ማን አየዎት?» አላት።

«እኔ።»

«ማለቴ፣ ከእርስዎ ሌላ?»

«ሌላ ለምን ያስፈልጋል? እጄን አስገብቼ አሽትቼዋለሁ።»

መኪናው ውስጥ መሪውን እንደጨበጥኩ በክፍቱ መስኮት እሰማቸዋለሁ። ወርጄ እጇን ይዤ ልመልሳት አሰብኩ፤ በሩን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

«እትዬ ዳርላ» አለ ቶቢን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ክሱን ከጻፍኩት ሁለት ዓመት ፈቃድ የለም። የዳነውንም ሥጋ እወስዳለሁ። እስቲ ቤት ሄደው ይረፉና ያስቡበት።»

«መንገድ ላይ አስቤዋለሁ።»

«ሁለት ክረምት ሙሉ ምን ሊበሉ ነው?»

«እናንተን ሳበላ የኖርኩትን።»

«ያንን ፓስታ?»

«ያንኑ።»

ቶቢን ሊስቅ ሞከረ፤ ፊቱ እምቢ አለው። ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠርጎ እኔን አየኝ፤ እንድረዳው ይመስል። አክስቴ የፈቃድ ወረቀቷን ከኪሷ አውጥታ፣ እጥፋቱን በአውራ ጣቷ አቃንታ አቀበለችው።

«ቆይተህ ትጽፈዋለህ» አለችው። «መጀመሪያ ያንን እግር አውርድ። ፀሐዩ እየጠነከረ ነው።»